ላፕቶፕን ያለ ማውስ፦ ታችፓድና አቋራጭ ቁልፎች እንዴት ይሠራሉ?

ላፕቶፕ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ማውስም ይገዛል። ማውስ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ሥዕል ለሚሠራ ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ከእሱ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ላፕቶፑ ራሱ ሁለት ነገሮችን ይዞ መጥቷል። አንደኛው ከኪቦርዱ በታች ያለው ለስላሳ ሰሌዳ ነው፤ ታችፓድ ይባላል። ሁለተኛው አቋራጭ ቁልፎች ናቸው፤ ይኸውም ሁለት ወይም ሦስት ቁልፎችን በአንድነት በመጫን አንድን ትእዛዝ ማስፈጸም ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ ታችፓዱን ጠቋሚውን ለማንቀሳቀስ ብቻ፣ ኪቦርዱንም ፊደል ለመጻፍ ብቻ ይጠቀምባቸዋል። የቀረውን የሚያሳየው ሰው አላገኘም።

አቋራጭ ቁልፎችን የሚያስተምሩ ጽሑፎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረጅም ሰንጠረዥ ያቀርባሉ። ሰንጠረዥ ለፈተና ይሸመደዳል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። እኔ እንደማምነው ግን እነዚህ ቁልፎች ሥርዓት አላቸው፤ ሥርዓቱ የገባው ሰው ሽምደዳ አያስፈልገውም። ስለዚህ እዚህ የማብራራው በቅድሚያ አሠራሩን ነው። የምጠቅሳቸው ምሳሌዎች በአገራችን ብዙ ሰው ከሚሠራበት ከዊንዶውስ የተወሰዱ ናቸው፤ የአፕል ኩባንያን ኮምፒውተር፣ ማክን፣ ለያዙ ሰዎች የሚለየውን መጨረሻ ላይ እጠቁማለሁ።

ታችፓዱ ጣቴን እንዴት ያውቃል?

ብዙ ሰው ታችፓድ የሚሠራው በግፊት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጠቋሚው እንቢ ሲለው ጣቱን አጥብቆ ይጫናል። ጣትን መለየት ግን ከግፊት ጋር አይገናኝም። ከለስላሳው ገጽ ሥር በጣም ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉ። ግማሾቹ ከላይ ወደ ታች፣ ግማሾቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በሸማኔ ዕቃ ላይ እንዳሉ ድርና ማግ ተላልፈው ተዘርግተዋል። በመካከላቸው ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ አለ። የሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣት ወደ ገጹ ሲጠጋ ያንን መስክ ይለውጠዋል። ከሥር ያለች ትንሽ ቺፕ ለውጡ በየትኛው ድርና በየትኛው ማግ መገናኛ ላይ እንደተፈጠረ በየሰከንዱ ደጋግማ እየለካች የጣቱን ቦታ ታሰላለች። ጣቱ ሲንሸራተት ለውጡም አብሮት ይንሸራተታል፤ ጠቋሚውም ይከተላል።

ይህን ካወቁ ብዙ እንቆቅልሽ ይፈታል። በእስክሪብቶ ጫፍ ቢነኩት ታችፓዱ የማይሰማው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው። ወፍራም ጓንት ያደረገ እጅም እንዲሁ ነው። እጅ ታጥበው ሳያደርቁ ሲነኩት ጠቋሚው የሚዘለው የውኃ ጠብታም መስኩን ስለሚለውጥና ቺፗ ጣቱን ከጠብታው ለመለየት ስለምትቸገር ነው። እየጻፉ ሳለ መዳፍዎ ሲያርፍበት ጠቋሚው የማይንቀሳቀሰው ደግሞ፣ ሰፊ ጥላ ያለውን ንክኪ ጣት እንዳልሆነ ቆጥሮ እንዲተወው ስለተሠራ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ይህ ጥበቃ ደካማ ነው፤ ያኔ ጽሑፉ መሀል ላይ ጠቋሚው ወደ ሌላ መስመር ይሄድና የሚጽፉት ቃል በማይሆን ቦታ ይገባል።

አንድ ነገር ጨርሶ የማይጠረጠር አለ፤ ቻርጀር። ጥራት የሌለው ቻርጀር፣ ወይም የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ቻርጀር፣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ላፕቶፑ ያስገባል። ታችፓዱ የሚለካው በጣም ትንሽ ለውጥ ስለሆነ ረብሻው ያሳስተዋል። ጠቋሚው ቻርጀር ሲሰካ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነቅለው ይሞክሩት፤ ከተስተካከለ ጥፋቱ የታችፓዱ አይደለም። ይህን ሳያውቅ ታችፓድ ያስቀየረ ሰው ገንዘቡን ያለ ምክንያት አወጣ።

የታችፓድ እንቅስቃሴ ከስልክ ስክሪን የሚለይበት መሠረታዊ ነገርም አለ። ስልክ ላይ የነኩት ቦታ ራሱ ይታዘዛል። ታችፓድ ላይ ግን ቦታው ሳይሆን ጉዞው ነው የሚቆጠረው፤ ፍጥነቱም ጭምር። ጣትዎን ቀስ አድርገው ሲስቡ ጠቋሚው ጥቂት ይሄዳል፤ ያንኑ ርቀት ፈጠን አድርገው ሲስቡ ስክሪኑን ሊያቋርጥ ይችላል። ታችፓድ ጠባብ ሆኖ ሰፊ ስክሪን የሚያዳርሰው በዚህ ነው። ጣታቸውን አሥር ጊዜ እያነሱ የሚፈትጉ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ቢያውቁ ድካማቸው በግማሽ ይቀንሳል።

መሣሪያው ራሱ አሁን ያለበት ቦታ ላይ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ፓወርቡክ ላፕቶፖች ኪቦርዱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ከፊት ለመዳፍ ማረፊያ ተወ፤ መሀሉ ላይ የምትሽከረከር ኳስ አስቀመጠ። በ1994 በወጣው ፓወርቡክ 500 የኳሷን ቦታ ጣት የሚያውቅ ሰሌዳ ወሰደው። ዛሬ የምንይዘው ላፕቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያ አቀማመጥ ልጅ ነው።

ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት ሲባል ምን ማለት ነው?

ቺፗ ስንት ጣት እንዳረፈ መቁጠር ትችላለች። ስለዚህ የጣት ብዛት ራሱ ትእዛዝ ሆነ።

አንድ ጣት ጠቋሚውን ይመራል። ገጹን መታ ማድረግ ጠቅ ማድረግ ነው፤ ሰሌዳውን ወደ ታች እስኪንቋቋ መጫን አያስፈልግም። ሁለት ጣት አብሮ መታ ማድረግ በማውስ ቀኝ ቁልፍ የሚመጣውን ዝርዝር ያመጣል። ሁለት ጣትን አብሮ ወደ ላይና ወደ ታች መሳብ ገጹን ያንቀሳቅሳል፤ በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ያለችውን ቀጭን ዘንግ ማሳደድ ቀረ ማለት ነው። ሁለት ጣትን ማራራቅ ያጎላል፣ ማቀራረብ ያሳንሳል። ፎቶ ላይ፣ ካርታ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ፒዲኤፍ ላይ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ሦስት ጣት ከአንድ ገጽ አልፎ ወደ መስኮቶች ይሄዳል። መስኮት የምንለው አንድ ፕሮግራም የተከፈተበትን ሳጥን ነው። ሦስት ጣት ወደ ላይ ሲስቡ የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ አንድ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ወደ ታች ሲስቡ ሁሉም ዝቅ ብለው ዴስክቶፑ ይገለጣል፤ ወደ ጎን ሲስቡ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ይህ በዊንዶውስ 10ና 11 ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው አሠራር ነው። ላፕቶፕዎ አሮጌ ሆኖ ሦስት ጣት ካልገባው የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ታችፓዱ ወይም የሚያሠራው ሶፍትዌር ለዚያ ያልተዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

ለጀማሪ ከሁሉም የሚከብደው አንድን ፋይል ይዞ መጎተት ነው። አንድ ጊዜ መታ ያድርጉ፣ ወዲያው ሁለተኛውን መታ አድርገው ጣትዎን ሳያነሱ ይጎትቱ። ጣቱ ሲነሳ ፋይሉ ይወርዳል። በሁለት እጅ የሚቀለው ሰውም አለ፤ በአንድ እጅ የታችፓዱን ግራ ማእዘን ተጭኖ በሌላው ጣት መሳብ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ታችፓዱ ድንገት ሥራ ቢያቆምስ?

ወደ ጠጋኝ ከመሄድዎ በፊት ኪቦርዱን ይመልከቱ። ብዙ ላፕቶፖች ታችፓድን የሚያጠፋና የሚያበራ ቁልፍ አላቸው። ከላይ በተደረደሩት ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ባሉት ቁልፎች በአንዱ ላይ የተሰረዘ ሰሌዳ ሥዕል ይኖራል። ቁጥሩ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ያንን ቁልፍ ብቻውን፣ ካልሠራም ከታች በግራ በኩል ካለው ኤፍኤን ከሚባለው ቁልፍ ጋር አብረው ይጫኑት። የላፕቶፕ ገጽ ሲወለወል ወይም ልጅ ሲነካካው ይህ ቁልፍ ሳይታወቅ መጫኑ የተለመደ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቦታ የዊንዶውስ ሴቲንግ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና አይ (I) የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አብረው ሲጫኑ ይከፈታል፤ ታችፓድ የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈው መፈለግ ይችላሉ። እዚያ ማጥፊያና ማብሪያ፣ የጠቋሚው ፍጥነት፣ ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ ስሜታዊነት፣ ሁለት ጣት ሲሳብ ገጹ የሚሄድበት አቅጣጫ ሁሉ አለ። እየጻፈ ጠቋሚው የሚዘልበት ሰው ስሜታዊነቱን ዝቅ ያድርገው። ማውስ ሲሰካ ታችፓዱ እንዲጠፋ የሚያደርግ ምርጫም እዚያው ነው፤ አንዳንዴ የችግሩ ምንጭ እሱ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ምልክት ግን በሴቲንግ አይፈታም፤ ችላም አይባልም። ታችፓዱ ከቦታው ከፍ ካለ፣ ከጎኑ ክፍተት ካሳየ፣ ወይም ሲጫኑት እንደ ድሮው አልወርድም ካለ፣ ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ባትሪው የሚተኛው በትክክል ከመዳፍ ማረፊያውና ከታችፓዱ ሥር ነው። ያበጠ ባትሪ ቢበሳ ወይም ቢታጠፍ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ፣ ያጥፉት፣ ታችፓዱን ወደ ታች ለመመለስ አይጫኑት፤ ባትሪ መቀየር ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት። በቴፕ ለጥፎ መጠቀሙን የቀጠለ ሰው ራሱንም ቤቱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

አቋራጭ ቁልፎች ለምን አስፈለጉ?

ማውስን የፈለሰፈው ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፈጠራውን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ቀኝ እጁ ማውሱን፣ ግራ እጁ አምስት ቁልፍ ያላትን ትንሽ መሣሪያ ይዞ ነበር። በእሱ ሐሳብ አንዱ እጅ ቦታ ሲያመለክት ሌላው ትእዛዝ ይሰጣል። ማውሱ ዓለምን አዳረሰ፤ የግራ እጁ መሣሪያ ተረሳ። አቋራጭ ቁልፍ የዚያን የተረሳ እጅ ሥራ ይመልስለታል።

አንድን ነገር በጠቋሚ ማስፈጸም አራት እርምጃ አለው፦ እጅን ከኪቦርድ ማንሳት፣ በስክሪኑ ላይ ቦታውን በዐይን መፈለግ፣ ጠቋሚውን እዚያ ማድረስ፣ ጠቅ ማድረግ። ከዚያም ወደ ጽሑፉ መመለስ አለ። አቋራጭ ቁልፍ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ምት ያወርደዋል። ጥቅሙ ሰከንድ መቆጠቡ ብቻ አይደለም፤ ዐይንዎ ከሚጽፉት ዐረፍተ ነገር ላይ አለመነሳቱ ነው ትልቁ። ማየት ለተሳናቸው ተጠቃሚዎች ደግሞ ነገሩ ከምቾት ያልፋል። ጠቋሚ የት እንዳለ ለማያይ ሰው ማውስ አይጠቅምም፤ ስክሪን የሚያነብ ሶፍትዌር እያዳመጡ ሥራቸውን በሙሉ የሚሠሩት በኪቦርድ ነው።

ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ዊንዶውስ፦ የየትኛው ሥራ ምንድን ነው?

የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነው። እነዚህ አራት ቁልፎች ብቻቸውን ፊደል አይጽፉም። ሌላውን ቁልፍ «አሁን ፊደል አይደለህም፤ ትእዛዝ ነህ» ይሉታል። አራቱም ደግሞ ግዛታቸው የተለያየ ነው።

ኮንትሮል የሚያዘው እየሠሩበት ባለው ሰነድ ወይም ገጽ ውስጥ ነው። ኮንትሮል+ኤስ ሰነዱን ያስቀምጣል፣ ኮንትሮል+ፒ ያትማል፣ ኮንትሮል+ኤፍ በውስጡ ቃል ይፈልጋል፣ ኮንትሮል+ኤ ሁሉንም ይመርጣል። ፊደሎቹ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናቸው።

አልት አንድ ደረጃ ወጣ ይላል፤ ግዛቱ የፕሮግራሙ መስኮትና ዝርዝር ነው። አልት+ታብ ከመስኮት ወደ መስኮት ያሻግራል፤ አልት+ኤፍ 4 መስኮቱን ይዘጋል።

አራት ማእዘን ምልክት ያለበት የዊንዶውስ ቁልፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሆኖ ኮምፒውተሩን በሙሉ ያዛል። ዊንዶውስ+ዲ ዴስክቶፑን ያሳያል፣ ዊንዶውስ+ኢ ፋይሎች ያሉበትን ይከፍታል፣ ዊንዶውስ+ሺፍት+ኤስ ከስክሪኑ የመረጡትን ክፍል ፎቶ ያነሳል። ዊንዶውስ+ኤል ኮምፒውተሩን ይቆልፋል። ይህችን የመጨረሻዋን በቢሮ፣ በባንክ፣ የሰው መረጃ በሚያዝበት ቦታ ሁሉ የሚሠራ ሰው ከወንበሩ በተነሳ ቁጥር ቢጫናት ደስ ይለኛል፤ የሌላ ሰው መዝገብ ክፍት ጥሎ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም።

ሺፍት ሁለት ጠባይ አለው፦ ይገለብጣል፣ ያስረዝማል። ኮንትሮል+ቲ በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ አዲስ ታብ፣ ማለትም በዚያው መስኮት ውስጥ ሌላ ገጽ፣ ሲከፍት፣ ኮንትሮል+ሺፍት+ቲ በስሕተት የዘጉትን ታብ ይመልሳል። ታብ የሚለው ቁልፍ በቅጽ ላይ ወደሚቀጥለው ሳጥን ሲወስድ፣ ሺፍት+ታብ ወደ ኋላ ይመልሳል። የአቅጣጫ ቀስቶች ጽሑፍ ውስጥ ያንቀሳቅሳሉ፤ ሺፍት ሲጨመር እያለፉ ያለውን ጽሑፍ ይመርጣሉ። ቀስት ከኮንትሮል ጋር ከፊደል ወደ ፊደል ሳይሆን ከቃል ወደ ቃል ይዘላል። እንግዲህ ኮንትሮል+ሺፍት+ቀስት ምን እንደሚያደርግ ማንም ሳይነግርዎት መገመት ይችላሉ፤ ቃል በቃል እየዘለለ ይመርጣል። ሥርዓት ማለቴ ይህን ነው።

ቅጽ ከተነሳ፣ የቪዛ ወይም የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚሞሉ ሰዎች በታብ፣ በቀስትና በረጅሙ የክፍት ቦታ ቁልፍ ብቻ አብዛኛውን ሳጥን ማዳረስ ይችላሉ። የክፍት ቦታ ቁልፉ ትንሿ ሳጥን ውስጥ የእሺታ ምልክት ያደርጋል። ረጅሙ የአገሮች ዝርዝር ላይ ሲደርሱ ከላይ ጀምሮ መፈለግ አያስፈልግም፤ በእንግሊዝኛ ኢ፣ ቲ፣ ኤች ብለው በተከታታይ ሲመቱ ብዙውን ጊዜ ኢትዮጵያ ላይ ያርፋል።

ኮፒና ፔስት ለምን በእነዚያ ፊደሎች ሆኑ?

ጽሑፍን ቆርጦ ወይም ቀድቶ ሌላ ቦታ መለጠፍ ዛሬ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ሐሳቡን በኮምፒውተር ላይ ያመጡት በ1970ዎቹ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ናቸው። ቴስለር በኋላ ወደ አፕል ሄደ፤ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲና ቪ ጎን ለጎን ትእዛዝ የሆኑት በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ሲ የኮፒ መነሻ ፊደል ናት። ኤክስ የመሰረዝ ምልክት ትመስላለች፤ ቆርጦ ማንሻ ሆነች። ቪ ወደ ታች ትጠቁማለች፤ «እዚህ ክተት» ትላለች። ዜድ የሆነውን ይመልሳል። አራቱም በታችኛው ረድፍ ግራ ጥግ፣ ኮንትሮል አጠገብ ስላሉ ግራ እጅ ብቻውን ይበቃቸዋል፤ ቀኝ እጅ ታችፓዱ ላይ ሆኖ ጽሑፉን ይመርጣል። ኤንግልባርት ያሰበው የሁለት እጅ ሥራ በዚህ ላይ ይታያል።

የተቀዳው ነገር እስኪለጠፍ የሚቆየው ክሊፕቦርድ በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ነገር ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛ ሲቀዱ የመጀመሪያው ይጠፋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ባሉት ዊንዶውሶች ዊንዶውስ+ቪን ሲጫኑ የቀዷቸውን እስከ 25 ነገሮች ዝርዝር ማየት ይቻላል። የመጀመሪያ ጊዜ ላብራው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከብዙ ሰነድ እየለቀመ ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ሌላ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ የቀዱት የይለፍ ቃል በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ከመነሳትዎ በፊት ያጽዱት።

ከኢንተርኔት የቀዱት ጽሑፍ ቀለሙንና የፊደሉን መጠን ይዞ መጥቶ ሰነድዎን የሚያበላሽ ከሆነ ኮንትሮል+ሺፍት+ቪን ይሞክሩ፤ በብዙ ፕሮግራሞች ቃላቱን ብቻ ይለጥፋል።

አማርኛ ስጽፍስ?

አማርኛ በኪቦርድ የሚጻፍበትን መንገድ መረዳት ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ የሚልከው ፊደል አይደለም፤ «በዚህ ቦታ ያለው ቁልፍ ተመታ» የሚል ቁጥር ነው። ያ ቦታ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስነው በውስጥ የተመረጠው የቋንቋ አቀማመጥ ነው። 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሰባት ሆሄ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ሃያ ስድስት የፊደል ቁልፍ ላይ ይህን ሁሉ ማስፈር ስለማይቻል በብዙዎቹ አቀማመጦች ተነባቢው ይመታና አናባቢው ይከተለዋል፤ ሳድሱ ብቻውን በአንድ ምት ይመጣል። ሺፍት ደግሞ ን ወደ ኝ፣ ት ወደ ጥ ይለውጣል። ሺፍትን እንደተጫነ የሚያቆየው ካፕስ ሎክ የሚባለው ቁልፍ ሳይታወቅ በርቶ ከሆነ ጽሑፉ በሙሉ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመሻገር ዊንዶውስን ከክፍት ቦታ ቁልፍ ጋር ይጫኑ። አማርኛው በርቶ ሳለም ኮንትሮል+ሲና ጓደኞቿ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ፤ እንቢ ካሉ ወደ እንግሊዝኛው ተመልሰው ይሞክሩ።

ዘመድ ከውጭ አገር የላከው ላፕቶፕ የሚፈጥረው ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። ከጀርመን የመጣ ኪቦርድ ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የኮንትሮል ቁልፍም በጀርመንኛ ምህጻር ነው የተጻፈበት። ከፈረንሳይ የመጣው ላይ ኤና ኪው ተለዋውጠዋል። ዊንዶውሱ የአሜሪካ አቀማመጥ ከተመረጠለት የሚታዘዘው በቁልፉ ላይ የታተመውን አይደለም። ኮንትሮል+ዜድ ተጭነው ሌላ ነገር ከሆነ ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ምርጫውንና ኅትመቱን ያስማሙ። ከእስራኤል ወይም ከዐረብ አገር በመጡ ኪቦርዶች ላይ ዕብራይስጡ ወይም ዐረብኛው ከላቲኑ ጋር አብሮ ስለሚታተም በዚህ በኩል ብዙም አያስቸግሩም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት የኮንትሮል+ኤፍ ጠባይ ነው። ፍለጋው የሚያየው ቅርጽን እንጂ ድምፅን አይደለም። «ሠራተኛ» ብለው ቢፈልጉ «ሰራተኛ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ሀና ሐ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ሕግ ወይም ውል ውስጥ አንድ ቃል «የለም» ብለው ከመደምደምዎ በፊት የሚያሻማውን ፊደል ትተው የቀረውን፣ ለምሳሌ «ራተኛ» የሚለውን ብቻ ይፈልጉ። በወርድ ፕሮግራም ደግሞ ኮንትሮል+ኤች አንዱን አጻጻፍ በሌላው ይተካል፤ ብዙ ሰው የተሳተፈበትን ሰነድ አጻጻፍ አንድ ወጥ ለማድረግ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ኮምፒውተሩ ቢቆምብኝ፣ ወይም መብራት ቢጠፋ?

ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ ወዲያው ይጠፋል። ወርድ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ቅጂ በራሱ ይይዛል፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ግን በየ10 ደቂቃው ነው። አሥር ደቂቃ ሁለት አንቀጽ ነው። በየአንቀጹ መጨረሻ ኮንትሮል+ኤስን የሚመታ ግራ እጅ ይህን ኪሳራ ያስቀራል።

አንድ ፕሮግራም ደርቆ ከቀረ የላፕቶፑን ማጥፊያ ተጭኖ ከመያዝ በፊት ኮንትሮል+ሺፍት+ኢስኬፕን ይጫኑ፤ እየሠሩ ያሉት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይመጣል፤ የደረቀውን መርጠው ዲሊትን ሲጫኑ እሱ ብቻ ይዘጋል። ያም ካልሆነ ኮንትሮል+አልት+ዲሊት አለ። ይህን ጥምረት የሠራው የአይቢኤም መሐንዲስ ዴቪድ ብራድሊ ነው፤ ኩባንያው የራሱን የመጀመሪያ የግል ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያወጣ አብሮ ወጣ። ያኔ ኮምፒውተሩን ወዲያው እንደገና ያስነሳ ስለነበር በአንድ እጅ በስሕተት እንዳይጫን ሆን ተብሎ ቁልፎቹ ተራርቀው ተመረጡ።

ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲመቱ የሚመጣው መልእክትም ብልሽት አይደለም። ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መጫን ለማይችል ሰው ቁልፎቹን ተራ በተራ እንዲጫን የሚያስችል አገልግሎት ይብራ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ካላስፈለገዎት አይሆንም ይበሉት። እጁ የተጎዳ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ይህን መልእክት ያሳዩት፤ ለእሱ ነው የተሠራው።

የቀሩትን ከየት አገኛለሁ?

ከፕሮግራሙ ከራሱ። በብዙ ፕሮግራሞች ዝርዝር ሲከፈት ከትእዛዙ ስም በስተቀኝ አቋራጩ ደብዘዝ ብሎ ተጽፏል። ወርድና ኤክሴል ላይ ጠቋሚውን አንድ ምልክት ላይ ለአፍታ ሲያቆሙት ስሙና አቋራጩ ይታያል፤ አልትን ብቻውን ተጭነው ሲለቁት ደግሞ ከላይ ባሉት ምልክቶች ላይ ትንንሽ ፊደሎች ይበቅላሉ፤ እነሱን እየተከተሉ የትኛውም ትእዛዝ ጋ መድረስ ይቻላል። ማክ የያዘ ሰው በሰነድ ውስጥ ለሚሰጣቸው ትእዛዞች በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ የሚለውን ቁልፍ ይጠቀም፤ ሲ፣ ቪ፣ ኤክስ፣ ዜድ፣ ኤስና ኤፍ ያው ናቸው። በአንድ ሳምንት ሁለት ብቻ ይምረጡ፤ በየቀኑ ደጋግመው በጠቋሚ የሚሠሩት ነገር የቱ እንደሆነ ያስተውሉና ከዚያ ይጀምሩ።